አፍንጫው የተደፈጠጠው አንበሳ

የመርሳዋ ረሂማ ጨውና በርበሬ ትሸጣለች፤ የነፍሷ ደስታ ግን ጠማማ ሳንቲም ነው። በጦርነቱ ኔትወርክ ሳይቋረጥ በፊት ከቴሌግራም የለቃቀመችው እውቀት አላት። በጨርቅ የቋጠረቻት አንዲት የፋብሪካ ስህተትም አለቻት፦ አንበሳው መሃል መቀመጥ ሰልችቶት ወደ ጠርዝ የወጣበት ባለ አንድ ብር። ባሏ አማን «እኔም ብጣመም ኖሮ እንዲህ ጠቅልለሽ ታኖሪኝ ነበር» ይላታል።

ተዋጊዎቹ ከመርሳ በወጡ ሰሞን፣ «አዲስ አበባ ስህተት ያለበት ብር በጥማድ በሬ ዋጋ የሚገዛ ሰው አለ» የሚል ወሬ ከወልድያ ተነሣ። መኪና ያልደፈረውን መንገድ ወሬው በእግሩ ጨረሰው። ሰዉም አይሱዙ የሄደበትን፣ ጥጃ ውጦ በማግስቱ የመለሰውን ብር ሳይቀር ይዞ ረሂማ ደጅ ተኮለኮለ። እሷ እያገላበጠች «ይኼ ቁስለኛ ነው። ሲወለድ የተጣመመ ሌላ፣ ኋላ የቆሰለ ሌላ» ብላ ትመልሳለች። ተመላሹም «ቀናችብኝ» እያለ ይሄዳል።

አንድ የገበያ ቀን ግን ወሬው የራሷን እርሻ ሊበላ መጣ። በጦርነቱ ከረሂማም ከጎረቤቷ ከአባባ ኡበይደላም አንዳንድ በሬ ታርዶ ተበልቷል፤ ስለዚህ የቀሩትን ሁለቱን አቀናጅተው በየተራ ያርሱ ነበር። አሁን አባባ በሬያቸውን እየሳቡ፣ ደላላው ሽፈራው ከኋላ እየነዳ፣ በመካኒኩ በፈንታው ጋራዥ በር ሲያልፉ አየቻቸው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«በሬውን ለሽፈራው ሰጥቼ ይቺን ወሰድሁ፣ ልጄ። አዲስ አበባ ስልካት ጥማድ ታመጣለች።»

ብሩን ተቀበለች። የሚዛን ሥዕል ባለበት በኩል ሁለተኛ አንበሳ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ሰርጓል። እንዲህ ያለውን ቴሌግራም ላይ አይታለችና ለአፍታ ልቧ ዘለለ። ከዚያ ገለበጠችው።

«የዚህኛው አንበሳ አፍንጫ የታለ?»

«ዘንድሮ አፍንጫው ያልተደፈጠጠ ማን አለ?» አለ ሽፈራው።

የቆመው ሁሉ ሳቀ፤ አባባም ሳቁ። ረሂማ ደነገጠች፤ በዚያ አገር የቀለደ እንደሚረታ ታውቃለች።

«አባባ፣ ፋብሪካ እንዲህ ሲሳሳት በአንድ በኩል ነው። በሌላው በኩል ማተሚያው ሥራውን ስለሚሠራ አንበሳው ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው። ይኼን ግን ሰው ነው የጨፈለቀው።»

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለ ሽፈራው።

«አሁን አያለሁ። ፈንታው፣ ሞርሳህ የታለ?»

ፈንታው ብረት ማጥበቂያውን ከዘራፊ ሊያድን ጓሮ ቀብሮት ገና ማውጣቱ ነበር፤ ጥርሱ መሃል ጭቃ አለ። ረሂማ ሁለት ደህና ብር አውጥታ የአንዱን አንበሳ በሌላው ሚዛን ላይ ደርባ አስገባች። ፈንታው እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ሞርሳው አቃሰተ።

ሲከፈት አንዱ ብር ሚዛኑ ላይ አንበሳ ሰርጎበት፣ በጀርባው ያለው የራሱ አንበሳ አፍንጫውን አጥቶ ወጣ። ከአባባ ብር ጋር መንታ ወንድማማች ነው። የሌላኛው ብር አንበሳም ሚዛን ግንባሩ ላይ ታትሞበት አፍጥጧል።

አባባ ሁለቱን አዲስ ቁስለኞች መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ደላላው ዞሩ።

«ሽፈራው፣ በአንዲት ብር አንድ በሬ ነው ያልኸኝ?»

«እ... ነበር፣ አባባ።»

«በል እንግዲህ፣ እኒህ ሁለት ናቸው። ሁለት በሬ አምጣልኝ። መልካቸውን አልመርጥብህም።»

ሽፈራው የራሱን ብር ተቀብሎ በገበያተኛው መሃል ሲሰወር አባባ በሬያቸውን ወደ ቤት መለሱት። በማግስቱ የእርሻው ተራ የረሂማ ነበር።