ጉንጬ በሳይንስ ክፍል

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ኋላ ላይ ራሱ ደርሶበት እንዳይስቅብኝ ነው። ነጎድጓድ እፈራለሁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እፈራለሁ። ደቻቱ ወንዝ ጭው ብሎ ደርቆ እንኳ፣ አሸዋውን ስሻገር ዓይኔ ከተራራው አይነቀልም፤ ጎርፍ አስፈቅዶ አይመጣምና። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። "አንቺን ባቡር ላይ ቢቀጥሩሽ ገና ሳይነሣ ፍሬን ትይዢ ነበር" ይለኝ ነበር። ምንም የማይፈራው እሱ ሞተ፣ ፈሪዋ ቀረሁ።

እሱ ከሞተ በኋላ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ካለ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠርሁ። ከደመወዙ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው አንድ ደንብ ነበር፤ የሠራተኛ ልጅ ሳይከፍል ይማራል። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል ናት። እኔ ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ተዳርኩ፤ እሷ አሥረኛ ደረሰች ስል ለራሴም ተረት ይመስለኝ ነበር። እኔ ሥራዬን ባጣ እሷ ወንበሯን ታጣለች። ስለዚህ መጥረጊያውን የምይዘው ሌላ ሰው እንቅብ ሙሉ እንቁላል እንደሚይዝ ነበር።

በዚያ ዓመት ልጄ የምታመጣው ወሬ ሁሉ ስለ ሴል ሆነ።

"እማዬ፣ ሰው እኮ የተሠራው ከሴል ነው።"

"ከአፈር ነው" አልኳት።

"ከአፈርም ይሁን። ግን እንደ ጡብ ተደርድሮ ነው። በዓይን አይታይም።"

ይህ አላስደሰተኝም። በዓይን የማይታይ ነገር ለሰው ደህና ነገር ሲያመጣ አላየሁም። የወባው ነገር አይታይም፤ ቡዳ አይታይም፤ ከአዲስ አበባ ትእዛዝ የሚጽፈው ሰውም አይታይም።

"ታዲያ እናንተ በምን አያችሁት?"

"በማይክሮስኮፕ። ከውጭ አገር የመጣ ሳጥን አለ፤ ውስጡ ጠፍጣፋ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ የእንቁራሪት ደም፣ አንዱ ላይ የሰው ቆዳ..."

"የማን ቆዳ?"

"እኔ እንጃ። የፈረንጅ ይሆናል።"

ያን ሳጥን አውቀዋለሁ። አቧራውን በየቀኑ የምጠርግለት እኔ ነኝ። ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሰው ቆዳ ስወለውል ኖሬያለሁ! ሰውዬው በምን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ ልጄ ደግሞ ዓይኗን ላዩ ላይ ትደቅናለች። ያን ሰሞን ባስነጠሳት ቁጥር ፈረንጁ ትዝ ይለኛል።

አርብ ዕለት ዲሬክተሩ አስጠሩኝ።

"ሐሙስ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣሉ። የሚያዩት የሳይንስ ክፍሉን ነው። አንዲት ነጠብጣብ እንዳላይ! ገባሽ?"

"ገባኝ፣ ጌታዬ።"

መከራው የመጣው በደንብ ስለገባኝ ነው።

ቅዳሜ ወለሉን ፈተግሁ፣ መስኮቱን በጋዜጣ ወለወልሁ፣ በመጨረሻ ሳጥኑን ከፈትሁ። እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ነጠብጣብ አለ! አንዱ ላይ ሐምራዊ፣ አንዱ ላይ ቀይ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቢጫ የሆነ ቁራጭ ወረቀት። በሳሙና ባሸው እንቢ አለ። ወደ ብርሃን አቅርቤ ሳየው፣ ለካ ብርጭቆው ሁለት ነው፤ ከታች ወፍራም፣ ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ፣ በመሃል እንደ ማር ያለ ነገር አጣብቋቸዋል። እድፉ ያለው መሃል ላይ ነው። ይህን የላኩ ሰዎች ዕቃ ሳያጥቡ ነው እንዴ የሚደራርቡት ብዬ አዘንኩላቸው።

የመብራት ጥላሸትና ሙጫ የሚያስለቅቅ ነገር አውቃለሁ፤ ላምባ ነው። ሁሉንም በላምባ ዘፍዝፌ እስከ ሰኞ ተውኳቸው። ሰኞ ጠዋት በፈላ ውሃ፣ በሳሙናና በአመድ አጠብኋቸው፤ ያስቸገረውን በምላጭ ፋቅሁት። ወረቀቶቹንም አንድ በአንድ ላጥሁ። ስስ ስሶቹን ለብቻ፣ ወፍራሞቹን ለብቻ ደረደርሁ። አንድም አልሰበርሁም፤ ይህን ዛሬም በኩራት ነው የምናገረው። ፈረንጁን ከነበሽታው በቦይ ሸኘሁት።

የሳይንስ አስተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት የተላከ፣ ጢሙ ገና የሚያቅማማ ልጅ ነበር። ገባና ሳጥኑን ከፈተ። ብርጭቆዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ የነበረውስ?"

"ለቀቀ" አልኩት ደስ ብሎኝ። "ብዙ አስቸግሮኝ ነበር።"

ወንበር ሳይፈልግ ቁጭ አለ። እንደ ዕድል ሆኖ ከኋላው ወንበር ነበር።

"እትዬ፣ ትምህርቱ እኮ ያ እድፍ ነው! ይህ ሳጥን በባሕር ነው የመጣው። የተረከብሁት በፊርማዬ ነው።"

የታየኝ ዲሬክተሩ አልነበሩም፤ የልጄ ወንበር ባዶ ሆኖ ነው። "ልጄን ያባርሯታል?" አልኩት። እሱም "እኔንስ?" አለኝ። ሁለት ፈሪዎች አንድ ሳጥን አፍ ላይ ተፋጠጥን።

መፍትሔ ያመጣችው ልጄ ናት። በዕረፍት ሰዓት ስነግራት መጀመሪያ እስኪያማት ሳቀች። ልጅ እንዲህ ነው፤ ወንበሩ ከሥሩ ሲሄድ እሱ ይስቃል። ከዚያ ወደ አስተማሪው ዞረች።

"ቲቸር፣ ሴል ማለት ሁሉም ዘንድ ያለ አይደለም እንዴ? እርስዎ ነዎት ያሉን። ታዲያ ከባሕር ማዶ የምንጠብቀው ለምንድነው?"

አስተማሪው ሳጥኑን ትቶ ልጄን አያት። ያስተማረውን ነገር ሰው ሲያምንበት ያየ የመጀመሪያ ቀኑ ሳይሆን አይቀርም።

ረቡዕ ለሙከራ ተሰበሰብን። ሽንኩርት ከቤቴ አመጣሁ፤ ውስጠኛውን ስስ ልጣጭ ላጡና አዮዲን ጠብ አደረጉበት። ቀጥሎ ቅጠል አስፈለገ፤ የበሩ ዘበኛ ዘንድ ሄድን። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግን ረቡዕም ይሁን ሐሙስ ጫታቸው ከጎናቸው አይለይም።

"አቦ፣ ገራባውን ውሰዱ" አሉ የጣሉትን እየገፉልን።

"የደረቀ አይሆንም፤ ለጋ ቅጠል ነው የምንፈልገው" አለ አስተማሪው። "የቅጠሉን አፍ ለማየት ነው።"

"ጫቴ አፍ አለው?"

"ብዙ ሺህ አፍ። በእሱ ነው የሚተነፍሰው።"

"ዋላሂ! ለካ ለዚህ ነው ሲቅሙት የሚያስለፈልፈው!" ብለው ከእንጨቱ ጫፍ ሁለት ቅጠል ቀጠፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አዴ፣ አንቺስ ምን ሰጠሽ?" አሉኝ። ገና አልሰጠሁም ነበር።

ደም አስፈለገ። አስተማሪው ጣቱን በመርፌ ወጋ፣ የራሱን ደም ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ዓመቱን ሙሉ ስለ ደም ያስተማረ ሰው! እኔ ፈሪዋ ብብቱን ይዤ አስቀመጥሁት።

የቀረው የሰው ሴል ነው። ከጉንጭ ውስጥ በክብሪት እንጨት ፈግፈግ ተደርጎ ይወሰዳል አለ። ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል አስቆምኋት።

"የእኔን ውሰዱ። ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ላቆሽሸው።"

አላመመኝም። የተፈገፈገውን ብርጭቆው ላይ ቀባው፣ ሰማያዊ ቀለም አደረገበት፣ በስሱ ብርጭቆ ከደነው። "ይዩ እትዬ" አለኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው፤ ሴል ይህ ከሆነ በመስታወትም አይቼው ነበር ብዬ አሰብሁ። ልጄ ጭንቅላቴን አስተካከለችልኝ።

አየሁ። ጠርዛቸው የተጣጠፈ፣ ሰማያዊ የሆኑ ነገሮች እዚህና እዚያ ተዘርተዋል። በየመሃላቸው ጠቆር ያለ ነቁጥ አለ፣ የተጠበሰ እንቁላል ይመስላሉ። አርባ ዓመት ስንቀጠቀጥለት የኖርነው ሰውነት ይህ ነው? ትንሽ አፈርሁ።

"ዙሪያውን ያለው ሽፋን እንደ ከዚራ ቤቶች አጥር ነው" አለኝ አስተማሪው። "በር አለው፣ ዘበኛ አለው። የሚጠቅመውን ያስገባል፣ የማይጠቅመውን ይመልሳል።"

"በጓሮ የሚገባስ አለ?"

"አለ" አለና ሳቀ። "አጥሩ የተሠራው ከቅባት ነው።"

ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና አልሁ።

"ከምን?"

"ከቅባት። ከስብ።"

"መምህር፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።"

"በጾምም ያው ነው፣ እትዬ። ያለ ቅባት ሴሉ ይፈርሳል። ውስጡ ደግሞ ፕሮቲን አለ፤ ሥጋ ውስጥ ያለው ዓይነት..."

"ተው! ይበቃል!"

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ዓቢይ ጾም አላጓደልሁም። ለካ እያንዳንዷ ቅንጣቴ ቅባቷን ተከናንባ ነው አብራኝ ስትጾም የኖረችው። ልጄ ከት ብላ ሳቀች። "ይህን ለንስሐ አባታችን ብትተነፍሺ ወዮልሽ" አልኳት። አስተማሪው አዘነልኝ መሰለኝ፣ የሚበልጠው ውሃ ነው ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ውሃ ሆኖስ? እኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው ሲፈልግ ነው።

"ጥቁሯ ነጥብስ?"

"ኒውክሊየስ ናት። ልጅ ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው እዚያ ተጽፏል።"

"ፍርሃትም ይጻፋል?"

"በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም።"

"እንግዲያው መሣሪያው ደካማ ነው" አልሁ፤ ግን በልቤ ልጄን አየኋትና እውነት ባይጻፍ ምን አለ አልሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጠብታው እንዳይደርቅ ሁሉንም እንደገና ሠራን። ወረቀቱን ልጄ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈች፤ ሽንኩርት፣ ቅጠል፣ ደም፣ የሰው ጉንጭ። አስተማሪው አንዲት ውሸት እንዳትጻፍ አለ፤ ባዶዎቹ ብርጭቆዎች ከኋላ ተደረደሩ። እኔ ጨርቄን ይዤ በሩ አጠገብ ቆምሁ።

ኢንስፔክተሩ በድሬዳዋ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው ገቡ። ዲሬክተሩ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ሽንኩርቱን አዩ፣ "እህ" አሉ። ቅጠሉን አይተው "ምን ቅጠል ነው?" ሲሉ አስተማሪው "የአካባቢው ነው፣ ጌታዬ" አለ። ደሙንም እንደ ዋዛ አለፉት። ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆዩ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እኔ ያለሁት በሩ ዘንድ ነው፤ ግን እስከ አንጀቴ ድረስ የሚያዩኝ መሰለኝ፤ ሳላስበው አፌን ገጠምሁ።

ቀና አሉና "ይሄ ነው!" አሉ። "ይሄ ከውጭ እንደመጣ ያስታውቃል። የእኛ አገር ሥራ እንዲህ ጥርት አይልም።"

"አዎን ጌታዬ፣ በባሕር ነው የመጣው" አሉ ዲሬክተሩ።

አስተማሪው ጫማውን መረመረ። ኢንስፔክተሩ ወደ ልጄ ዞሩ፤ የክፍሉ ተጠሪ ሆና የቆመች እሷ ነበረች።

"ምንድነው ይህ፣ ልጄ?"

"የሰው ጉንጭ ሴል ነው፣ ጌታዬ። መሃሉ ላይ ያለው ኒውክሊየስ ነው። ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው በእሱ ነው።"

"የምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያስታውቃል?"

ልጄ ወደ እኔ አየች። የእኔ ልጅ መሆኗ የሚታወቀው አሁን ነው ብዬ እንድትፈራ ጸለይሁ፤ እሷ ግን በዚያች ደቂቃ የአባቷ ልጅ ሆነች።

"አያስታውቅም፣ ጌታዬ" አለች። "የፈረንጅም፣ የእርስዎም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም በዚህ ሲታይ አንድ ነው።"

ዲሬክተሩ ሳላቸው መጣ። ኢንስፔክተሩ ግን ልጄን ትንሽ አይተዋት "ጎበዝ፣ አጥንታለች" አሉ። "ይቺን ልጅ አደራ" ብለው ለዲሬክተሩ ነገሩና ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ወንበሩ ተረፈ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆየሁ።

ዲሬክተሩ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

"ስሚ። ያን ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪ። ውድ ዕቃ ነው፤ እጅሽን እንዳታስጠጊበት።"

"እሺ፣ ጌታዬ" አልሁ። የራሴን ጉንጭ እንዳልነካ ያዘዘኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ትእዛዙን አከበርሁ። አሁን ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሳጥኑን እስከ ዛሬ በጣቴ አልነካሁትም፤ ስጠርግ ዙሪያውን እዞራለሁ። ችግሩ ግን ጠብታ ይደርቃል። ያኔ ኢንስፔክተሩ በሄዱ በሚቀጥለው ሰኞ አስተማሪው ክብሪት ይዞ በር ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ዘጠነኛ ክፍሎች ሴል ሊያዩ ነው።"

"አትንኪ ተብያለሁ።"

"አይነኩም። አፍዎን ብቻ ይክፈቱ።"

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየሁ። ዲሬክተሩ የሉም። ከፈትሁ።