የእህቴ ባል ሞተር

የእህቴ ባል ዲላ ድረስ መጥቶ የፈለገኝ እሷን ከቀበርናት ከወራት በኋላ ነው። የማስተምርበት ኮሌጅ በር ላይ ቆሞ ዘበኛው እስኪያስጠራኝ ይጠብቅ ነበር። አጠገቡ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ቆመዋል። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላውን ጎረቤቱ ነድቶለት መጥቷል። ጎረቤቱ ሰላም አለኝና እንድንነጋገር ብሎ ነው መሰል ራቅ ብሎ ጥላ ስር ተቀመጠ።

"እህቴ፣" አለኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ሁለቱን ለኪልኝ።"

ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝም ገባኝ።

እኔ የማስተምረው የመኪናና የሞተር ጥገና ነው። በወርክሾፓችን ውስጥ ተማሪዎቹ ዳይኖ የሚሉት መሣሪያ አለ። ሞተር ሳይክሉ ላዩ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ የኋላ ጎማው በአንድ ከባድ የብረት በርሜል ላይ ያርፋል፤ ጋዝ ሲሰጠው ጎማው በርሜሉን ያሽከረክረዋል፣ ኮምፒውተሩም የሞተሩን ጉልበት በመስመር ይስላል። እህቴና ባሏ አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ሊጠይቁኝ መጥተው አሳይቻቸው ነበር። እህቴ ሞተሩ ያን ያህል እየጮኸ ካለበት ንቅንቅ አለማለቱ አስቋት፣ "ይሄ ሁሉ ድካም የት ለመድረስ ነው?" አለችኝ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምትስቀው።

የሚኖሩት ከጨለለቅቱ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ አጠገብ ባለች ቀበሌ ነው። ቤታቸው በእንሰትና በቡና ተከቦ ከመንገዱ አይታይም። በበጋ መኪና ይገባል፤ ክረምት ሲሆን አምቡላንሱም ዳገቱ አናት ላይ ይቆማል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። እህቴን ምጥ ያለ ጊዜው የያዛት በዝናብ ወቅት ነው። ደም ይፈሳት ጀመር። ጎረቤታቸው ጩኸቱን ሰምቶ የራሱን ሞተር ይዞ ደረሰና፣ "የኔን ውሰድ፣ አሮጌ ነው ግን ዳገት ያውቃል" አለው። የእህቴ ባል እምቢ አለ። የሱ ገና ዓመት ያልሞላው አዲስ ሞተር ነበር፣ እጁም ለምዶታል። እህቴን ከኋላው አስቀምጦ በጋቢ ከወገቡ ጋር አሰራትና ወደ ጤና ጣቢያ ተነሳ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ አልሄድ አለ። ሰዎች እየሮጡ ደርሰው በቃሬዛ ተሸከሟት። ጤና ጣቢያ ስትደርስ በሕይወት ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አልቆየች፤ ሕፃኑም አልተረፈም።

እናቴ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጄን የገደላት ያ ሞተር ነው" አለች። "ዳገት የሚወጣ ሞተር ደጁ ድረስ መጥቶለት በአዲሱ ኮራ።" የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ሊያረጋጋት ሞከረ። የእህቴ ባል አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨለለቅቱ ያለው የእናቴ ቤት ድርሽ ብሎ አያውቅም። እናቴ ግን ያንኑ ነገር ለመጣ ለሄደው ሁሉ ትናገር ነበር፤ እኔ ጋ ስትደውልም ወሬዋ መጨረሻው እሱ ነበር።

አሁን ሁለቱን ሞተሮች አስከትሎ ፊቴ ቆሟል።

ወርክሾፑ ባዶ ነበር። በመጀመሪያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የሱን አሰርኩ። የሁለቱንም ጎማ ነፋስ እኩል አደረግኩ፣ ሞተሮቹ እስኪሞቁ ጠበቅኩ፣ በአንድ ዓይነት ማርሽ ደጋግሜ ለካኋቸው። ለተማሪ ከማደርገው በላይ ተጠንቅቄ ነበር። የሱን ሞተር ስለካ አጠገቤ አልቆመም። ጋዙን ስሰጠው ወደ ግድግዳው ዞሮ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ስጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ጠራሁት። ሁለቱ ሞተሮች ባንድ ስክሪን ላይ በቀይና በሰማያዊ መስመር ተስለዋል።

"ቀዩ የጎረቤትህ ነው፣" አልኩት። "ይሄኛው ቶርክ ነው፤ ሞተሩ ጎማውን ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚጠመዝዘው ያሳያል። ያኛው ደግሞ ጉልበት ነው፤ ያንን ጥምዘዛ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሠራው።"

"የቱ ይበልጣል?"

"ያንተ ሞተር በፍጥነት ሲዞር ይበልጣል። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በዝግታ ሲሄድ ግን የሱ ቶርክ ይበልጣል።"

"ዳገት ላይስ?"

ልዋሸው እችል ነበር። መስመሮቹን ማንበብ አያውቅም፤ ጣቴን የፈለግኩበት ባስቀምጥ ያምነኛል። ግን ሲያየኝ የመጣው ውሸት ለመስማት እንዳልሆነ ገባኝ።

"ዳገት ላይ በዝግታ ነው የሚወጣው፣" አልኩት። "እዚያ የሱ ይሻላል።"

ራሱን ነቀነቀ። ሲፈራው የኖረውን ነገር የሰማ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ያኔ አየሁ። አልተለወጠም፤ ብቻ የደከመ መሰለ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎኝ ወደ በሩ ሄደ።

"ቆይ እስቲ፣" አልኩት። "ያን ቀን ሞተሩ ሲቆም እንዴት ነበር የቆመው? ድምፁ እየወረደ ሄዶ ጠፋ?"

"አልጠፋም። ይጮህ ነበር።"

"ጎማውስ?"

"የኋላው እዚያው ይሽከረከር ነበር። ሊገፉን የመጡት ሰዎች በጭቃ ተለቀለቁ።"

ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። ጉልበት ያነሰው ሞተር ድምፁ እየወረደ ሄዶ እንደሚጠፋ፣ ጎማው ባለበት ከተሽከረከረ ግን ሞተሩ ጭቃው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ጉልበት ሰጥቶት ነበር ማለት እንደሆነ ነገርኩት። ዳይኖው ላይ ጎማው ደረቅ ብረት ላይ ታስሮ ነው የሚዞረው፣ እዚህ ጭቃ የለም አልኩት። የጎረቤቱ ሞተርም ቢሆን ኖሮ እዚያው ይሽከረከር ነበር።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ስለምታዝኚልኝ ነው እንዲህ የምትዪኝ፣" አለኝ።

እያዘንኩለት ነበር። ያልኩት ግን እውነት ነው። እሱ አላመነኝም፤ እናቴም እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ባገኘሁት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ለሱና ለጎረቤቱ ዳገቱ ጋ እንዲጠብቁኝ ነግሬ ወደ ጨለለቅቱ ሄድኩ።

እናቴን "ነይ፣ አንድ ነገር እዪልኝ" ብዬ ነው ያወጣኋት። የት እንደምንሄድ ስነግራት መሄድ አልፈለገችም፤ ከዚያ ግን ነጠላዋን አነሳችና ተከተለችኝ። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ የእህቴ ባልና ጎረቤቱ ከታች ቆመው ነበር። እናቴ አይታው ፊቷን አዞረች።

እናቴን ከላይ ትቼ ወረድኩና፣ የጎረቤቱ ሞተር ላይ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሞላ ጆንያ ጫንንበት፤ እህቴን ያህላል ብለን ገምተን ነው። ጎረቤቱ ተነሳ። ወደ አጋማሹ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ከኋላ ጭቃ መርጨት ጀመረ። የእህቴ ባል ሞተር የቆመበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጎኑ አንድ የዋንዛ ዛፍ አለ። የጎረቤቱ ሞተር ያንን ዛፍ ትንሽ አለፈ። ከዚያ የኋላ ጎማው እዚያው ቀረ። ጎረቤቱ በሁለት እግሩ መሬቱን እየገፋ ቢታገልም ንቅንቅ አላለም፤ በመጨረሻ ጎኑ ላይ ዘንበል አለና ጆንያው ጭቃው ውስጥ ወደቀ።

የእህቴ ባል በእግሩ ወጥቶ ደረሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ጎማው የቆፈረውን ጉድጓድ አየና ወደ ዛፉ ተመለከተ።

"ትንሽ አለፈ፣" አለ።

"የሱ ጎማ ጥርስ አለው፣ ያንተ ተበልቶ ይሆናል፤ ጭቃውም ያኔ የባሰ ነበር፣" አልኩት። "ቢሆንም አልወጣም። አየህ፣ አልወጣም።"

በጫማው ጫፍ ጭቃ ወደ ጉድጓዱ ገፋ። ያቺን ትንሽ ርቀት አሁንም በልቡ ይዟት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እሷን የምለካበት መሣሪያ የለኝም።

እናቴ ከላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። ጫማዋን አውልቃ በጭቃው እየተንሸራተተች ወደኛ ወረደች። እጇን ልይዛት ስል አልፈለገችም። የወደቀው ጆንያ ዘንድ ስትደርስ ቆመችና አየችው። ከኛ ጋር የምታወራው በጌዴኦኛ ነው፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

"እንግዲያ ማንን ልቆጣ?" አለች።

 ቀስ ብላ ወደ እህቴ ባል ዞረች፣ ሸሚዙ እጅጌ ላይ የተረጨውን ጭቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

"ከስተሃል። ና ቤት፣ ቆጮ አለ።"

እሱም ተከትሏት ሄደ። እኔና ጎረቤቱ ሞተሩን ከጭቃው አወጣን።

አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እናቴ ጋ ይመጣል። አጥር ያድስላታል፣ ቡናዋን ይለቅምላታል፣ አብረው ይበላሉ። ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እናቴ ዝም ብላለች። ትቆጣው በነበረ ጊዜ ቢያንስ የእህቴን ስም ደጋግማ ትጠራ ነበር፤ የምትወደውን ምግብ፣ ያን ቀን የለበሰችውን ልብስ እያነሳች ታለቅስ ነበር። አሁን ስደውልላት ስለ ዝናቡና ስለ እንሰቱ ነግራኝ ትዘጋዋለች።

የእህቴ ባል ሞተሩን አልሸጠውም፤ ለሥራው ያስፈልገዋል። ከኋላው ግን ሰው አይጭንም። ከእናቴ ቤት ሲወጣ ግቢ ውስጥ አያስነሳውም። ድምፁን እንዳትሰማ ብሎ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ በእጁ እየገፋ ይወስደዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ሞተሩ ከሩቅ ተነስቶ ድምፁ እስኪሰማት ድረስም ወደ ቤት አትገባም።