ጣቴ መንገድ ላይ ናት

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ የሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ እንኳ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ከሰማ ጨዋታው አይጥመውም፣ ተነሥቶ ካላጠበቀው አይቀመጥም። ታዲያ አንድ ቀን የብረት መፍቻው አምልጦት የግራ እጁን አመልካች ጣት ሰበራት። ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት "ነገ" አለ፣ ነገም "ነገ" አለ፤ ጣቷ እንደታጠፈች ደርቃ ቀረች። የሰው ቤት ቧንቧ ሲሆን ግን ነገ አይልም ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ጊታር ነፍሱ ነበረች። መውደድና መቻል ግን ለየቅል ናቸው፤ የሚችለው አንዲት የገና መዝሙር ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ጊታሯን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወርድና አቧራዋን ጠርጎ ይቀመጣል። ሚስቱና ልጁ ይዘምራሉ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አመልካች ጣት ስድስቱንም ክር ባንድ ጊዜ መጫን ያለባት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ቀኝ እጁን ከክሮቹ ያነሣና ያቺን ግትር ጣት ይዞ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ያጋድማታል። "ትንሽ ታገሱኝ፣ ጣቴ መንገድ ላይ ናት" ይላል። ሚስቱ በሳቅ ትፈርሳለች። ልጁ ደግሞ የያዘችውን ድምፅ ሳትለቅ፣ ፊቷ እስኪቀላ ስባ ትጠብቀዋለች። ጣቷ ስትደርስ ሦስቱም አብረው ይቀጥላሉ።

ጠብታ የሞተው ገና ባለፈ በሦስተኛው ወር ነው። ምድር ቤት ውስጥ የፈነዳ ቧንቧ ሊሠራ ወርዶ፣ ውኃው ውስጥ የወደቀ የኤሌክትሪክ ገመድ ያዘው።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፀ መረዋ የሚሏት እሷ ናት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አልዘመረችም። አላለቀሰችምም። "ሞተ" የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። "አባዬ ይህን አይወድም"፣ "አባዬ እንዲህ ነው የሚለው" ትላለች፣ ሥራ የሄደ ይመስል። በር ሥር ያለውን ቦት ጫማውን ማንም እንዲያነሣው አልፈቀደችም፤ ቤት ስትጠርግ ዙሪያውን ጠርጋ ታልፋለች። እናቷ ልጄ ከእጄ እየወጣች ነው ብላ ፈራች። ባሏን ቀብራለች፤ ልጇ በቁሟ ዝም ስትል ማየት ግን አቃታት። አስባ አስባ አንድ ነገር ብቻ መጣላት፦ ያቺን መዝሙር ለገና ብጫወትላት አፏን ትከፍት ይሆናል።

የጠብታ ሚስት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ተኳሽ ናት። እጇ ከእንፋሎቱ ጋር ተላምዶ የጣቶቿ ጫፍ ደንድኗል። ጊታር ይዛ አታውቅም። "ክሯ ተበጥሷል፣ ላሠራት ነው" ብላ ልጇን ዋሸቻትና፣ ጊታሯን ድሮ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ወደነበሩት ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ ወሰደቻት።

"ጋሼ፣ አንዲት መዝሙር ብቻ ነው የምፈልገው።"

"አንዲት? አንድ እግር ጫማ ትገዢያለሽ እንዴ?" አሏት። ነገሩን ስትነግራቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። "በይ ቁጭ በዪ" አሉ።

ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በተበታተኑ ሬዲዮኖች መካከል ቁጭ ብላ ተማረች። ሽማግሌው ምት ላይ ቀልድ አያውቁም። "ምቱን እንዳትለቂ! ዓለም ቢገለበጥ ምቱን እንዳትለቂ!" ይላሉ። ምቱስ አልከበዳትም፤ የመተኮሻ ማሽኑን ፔዳል መርገጥ፣ መጠበቅ፣ ማንሣት፣ ለዓመታት የኖረችበት ነው። ያ ሦስተኛው ስንኝ ግን አሳሯን አበላት። ምሳ ሰዓት ላይ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ጊታር ይዛ፣ ባልደረቦቿ ሲስቁባት አብራ እየሳቀች፣ ጣቷን ታጋድማለች። አንድ ቀን፣ ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ምንም ሳትደናቀፍ ሽው ብላ አለፈችው። ሽማግሌው አጨበጨቡላት። "ጠብታ ቢያይሽ ቅናት ይገድለው ነበር" አሉ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቷ አፈረች።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ጊታሯን ይዛ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠች። ልጅቷ ደነገጠች።

"የአባዬ ናት እኮ።"

"አውቃለሁ የኔ እናት። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።"

የመጀመሪያውን ስንኝ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሰማች። ሁለተኛው ላይ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ወጣ። የእናቷ ልብ ዘለለ። ምቷን እንደጠበቀች አስቸጋሪዋን ቦታ ሳትደናቀፍ ተሻገረች፣ ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች። ልጇ እዚያች ቦታ ላይ መዘመር ማቆሟን ያወቀችው ስትጨርስ ነው።

"ምነው? ምን አጠፋሁ?"

"አልጠበቅሽውም" አለች ልጅቷ። "እዚህ ጋ እንጠብቀዋለን እኮ።"

የጠብታ ሚስት እጇ ክሮቹ ላይ ቀረ። ስንት ወር ሙሉ ስትደክም የኖረችው ያንን ቦታ ለማስተካከል ነው። እንደ አንሶላ መጨማደድ ተኩሳ ተኩሳ ያጠፋችው ግን እሱን ነበር።

"ከመጀመሪያው እንበለው" አለች።

እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቀኝ እጇን ከክሮቹ አነሣች። የግራ ጣቷ ቦታዋን ይዛ ተጋድማለች፣ የሚቀራት ነገር የለም። ልጅቷ ድምፅዋን ይዛ ሳበች። እናቲቱ ጠበቀች። በዚያ ቤት ይህን ጥበቃ የሚጨርሰው እሱ ነበር፤ እነሱ ጨርሰውት አያውቁም። እናት ልጇን አየች፣ ልጅ የእናቷን እጅ አየች። የልጅቷ ፊት ቀላ፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አለቀ። እናቲቱ አሁንም መምታት አልቻለችም።

"እማዬ፣ ምቺው" አለች ልጅቷ። "አይመጣም።"

መታችው። ልጅቷ ዘጠኝ ወር የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው፤ እያለቀሰችም የቀረውን መዘመር ጀመረች፣ አንዱን ቃል እየጎተተች፣ ሌላውን እየዋጠች። የጠብታ ሚስት የሽማግሌውን ምት እርግፍ አድርጋ ትታ፣ ልጇ ስትቆም እየቆመች፣ እስከ መጨረሻው ተከተለቻት።