ለውዝ የለበሰው አሳ

መጀመሪያ ሳል ነበር። ቀጥሎ ማታ ማታ ትኩሳት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብ። «ምች ነው» ብዬ ዳማከሴ ስጨምቅ ሁለት ወር አለፈ። ደብረ ታቦር ውስጥ እኔ ያልጠገንኩት ሬድዮ የለም፤ ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ደረቴንም እጠግነዋለሁ አልኩ። አንድ ጠዋት ደም ተፋሁ።

ቲቢ ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኛሁ። ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት። ምግብ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል።

«ጋሼ፣ ኪኒኑ ብቻውን አያነሳዎትም፤ ይብሉ» አለች ሐኪሟ።

ጊዜው ሁዳዴ። የነፍስ አባቴ ጋ ደወልኩ። «ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፤ አሳ ብላ» አሉኝ።

ከአረብ አገር የተመለሰችው እህቴ ስንዱ ሐሙሲት ወርዳ የጣና አሳ ገዛች። ለውዝ ቆልታ ሳይልም ወቀጠችው። እንቁላል ስላልተፈቀደልኝ የሽምብራ ዱቄት በጥብጣ አሳውን ነከረችው፤ ለውዙን አልብሳ ጠበሰችው። ላዩ ኮሽ ይላል፤ ውስጡ ጥጥ ነው። «አሳው የከሳውን ሥጋ ይተካል፤ ለውዙ ቅባት አለው፣ ጉልበት ይሆንዎታል» አለች ሐኪሟ። ከስንት ቀን በኋላ ጉርሻ ወረደልኝ።

አጠገቤ የተኙት የእብናት ገበሬ ጋሽ ይርሳው ናቸው። ከእኔ ይብስ ከስተዋል።

«ምነው አንተ፣ በሁዳዴ አሳ?»

«እኔ ሞት እንጂ ቄስ አልፈራም» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እንደተፈቀደልኝ አልነገርኳቸውም። ጀግና መምሰል ጣመኝ።

ስንዱ ብታቀርብላቸው ለውዙን ልጠው በሉ፤ አሳውን መለሱት። «ልብሱ ጾም ነው፤ ገላው ፍስክ» አሉ።

«ምስኪኑን አሳ ገፈው ራቁቱን ሰደዱት» ብዬ አሳቅኩባቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ።

ልጃቸው ጋቢያቸውን እያጠፈች «አንድ ቄስ ብላ ቢለው ይበላ ነበር» አለች። የነፍስ አባቴ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። ስልኩ ትራሴ ስር ነበር።

«ቢበሉም ላይተርፉ ይችሉ ነበር» አለችኝ ሐኪሟ። ደግ ሰው ናት።

እኔ ስድስት ወር ሙሉ ኪኒኔን አንድ ቀን ሳላዛንፍ ውጬ፣ የስንዱን አሳ እየበላሁ፣ ቀበቶዬን በየጊዜው አንድ ቀዳዳ እያላላሁ ወደ ሬድዮዎቼ ተመለስኩ። ሐኪሟንም ስንዱንም እግዜር ይስጥልኝ።

ለታመማችሁ፦ ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ዳማከሴውን ትታችሁ ተመርመሩ። ለውዝ የማይስማማው አይሞክር። አሳ ኪኒን አይተካም። ከጎናችሁ ያለው ታማሚ እየጾመ ከሆነ ደግሞ አታሳቁበት። ስልካችሁን አቀብሉት።