የላይኛዋ ገብስ

ባሌ በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ስልቻውን ከታቹ ገብስ ሞልቶ ወደ ፈታት ሚስቱ አገር ሽቅብ ይወጣ ነበር። የሚሄደው የገብስ ዘር ሊለውጥ ነው። ለዘር እንደሚሄድ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማወቄ ግን አንጀቴን ከማረር አላተረፈውም።

እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ ጎንደር ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከወገራ ገብስ በአህያ እየጫነ የሚያመጣላት ደንበኛዋ ነበር። እናቴ ገብሱን በእጇ ዘግና ታየዋለች፣ ነቀዝ ከሌለው «ይሁን» ትላለች፣ ነገሩ አለቀ። ለኔማ ገብስ ማለት ገብስ ነው፤ ውሻ ውሻ እንደሆነ ሁሉ። ሰውዬው አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ሸጋ ሰው ነበር። እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ አንድ ቀን አህያውን ትቶ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

ሚስት እንደነበረችው አልደበቀንም። ልጅ አልወለደችም ተብሎ ቤተ ዘመድ ነው ያፋታቸው። «ያፋታቸው» ያልኩት አውቄ ነው፤ ተጣሉ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጠበኛ ያልሆነ ሰው አገባሁ ብዬ። ኋላ ነው የገባኝ። ተሰዳድበው፣ ዕቃ ተወራውረው የተለያዩ ባልና ሚስት ይሻላሉ፤ ቢያንስ ነገራቸው አልቋል።

ንብረት ሲካፈሉ ከብቱም፣ ጋኑም፣ ሞፈር ቀንበሩም ለሁለት ተከፈለ። ዘሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ አሉ። ገብሱን በየዓይነቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የመጣችው፣ ዓመት ዓመት እየመረጠች ያቆየችውም እሷ ናት። አርሶ የዘራው ደግሞ እሱ ነው። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ «እሷ ከላይ ትዝራው፣ እሱ ከታች ይዝራው፣ በየዓመቱ ይለዋወጡ» ብለው ፈረዱ።

ፍርዱ ያለምክንያት አልነበረም። በዚያ አገር መሬት ዘር ይሰለቻል ይባላል። አንድ ማሳ ላይ ተመላልሶ የተዘራ ገብስ ዛላው እያጠረ፣ ፍሬው እየኮሰሰ ይሄዳል። ከብርድ አገር የወረደ ዘር ግን እንደ አዲስ ይነሣል። ስለዚህ ዘር መለዋወጥ የገበሬው ሁሉ ወግ ነው። ሌላው ሰው ከአጎቱ ወይም ከአበ ልጁ ይለዋወጣል፤ የኔ ባል ከሚስቱ ይለዋወጣል። ከድሮ ሚስቱ ማለቴ ነው።

እሷ የምትኖረው ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ደጋ ጫፍ፣ በአባቷ ርስት ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሲያወራ እሷን «ላይኛዋ»፣ እኔን «ታችኛዋ» ይለናል። ክፋት የለውም፣ ቤታችን ከታች ስለሆነ ነው። ቢሆንም በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ያገባሁ ዓመት፣ ቤት ላስተካክል ብዬ ተነሣሁ። በጓዳው ሁለት ጎታዎች ግማሽ ግማሽ ገብስ ይዘው ቆመዋል። ምን ቦታ ያጣብባሉ አልኩና አንዱን ወደ ሌላው ገለበጥኩት፤ ባዶውንም ጠርጌ ደጅ አወጣሁት። ባሌ ከእርሻ ሲገባ እጁን ጎታው ውስጥ ሰደደ፣ ዘገነ፣ መዳፉን ወደ በሩ ብርሃን አዞረና አየው። አንደኛው ለካ ሰመሬታ የሚሉት፣ ክረምቱ ሳይወጣ ደርሶ ቤተ ሰቡን ከረኃብ የሚያወጣው ገብስ ነው። ሌላው ኅዳርን የሚጠብቀው ነጩ ገብስ ነው። አብረው ከተዘሩ አንዱ ደርሶ ሲረግፍ ሌላው ገና እሸት ነው፤ ማጭድ የሚገባበት ቀን አይገኝለትም።

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የዘገነውን መልሶ ጎታው ውስጥ አፈሰሰው።

«ምነው ዝም አልህ?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? የከተማ ልጅ ነሽ» አለና ስልቻውን ከግድግዳው አንሥቶ ወጣ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሄደው ወደ እሷ ነው፤ የኔን ጥፋት የምታቃናው እሷ ናት። በማግስቱ ዘሩን ተሸክሞ ሲመለስ የት እንዳደረ ጠየቅሁት። «ወንድሟ ቤት» አለኝ። የወንድሟ ቤት የእሷ ቤት አጥር ሥር እንደሆነ ግን ጎረቤቶቼ ነግረውኝ ነበር፤ ጎረቤት እንዲህ ያለውን ነገር መቼ ይረሳል።

ከዚያ ወዲህ ገብሱን በየዓይነቱ አስተማረኝ። ጥቁሩ ለጠላ ነው፤ ብቅሉ ጠላውን ያጠቁረዋል፣ ያጠነክረዋልም። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውም ገንፎው ከዚሁ ከጥቁሩ ይሠራል። ነጩ ለእንጀራና ለቂጣ ነው፤ ለመንገደኛ በሶም የሚሆነው እሱ ነው። ሰነፍ ገብስ የሚሉት ደግሞ ለቆሎ ብቻ ነው፤ ገለባው ልፋት ሳያስቸግር ስለሚለቅ ይመስለኛል ሰነፍ ያሉት። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ «እሷ እንዲህ ትላለች» ብሎ አያውቅም፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ግን በቃሉ ሁሉ ውስጥ አለች። ሰነፍ ገብስ በእጁ እየፈተገ «ይኸ ጥርስ ላይ ቀጭ ካላለ አልደረሰም» ሲል፣ ቀጭ ሲል አብራው የሰማችው ሴት ትታየኛለች።

ደግሞ አካሄዱ! ሌላ ጊዜ እግሩን እንዲታጠብ ስጎተጉተው ነው የምኖረው፤ የሚሄድ ዕለት ግን እሱ ራሱ ውኃ ያስሞቃል። የክት ኩታውን ያወርዳል። ስልቻ ተሸክሞ ገደል ለሚወጣ ሰው ኩታ ምን ያደርግለታል? ጠይቄዋለሁም። «ላይ ይበርዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይበርዳል። የሚያቃጥለኝ ይኸው ነበር፤ ለሁሉም ነገር እውነተኛ መልስ ነበረው።

ልጅ ወለድኩለት፣ ደገምኩለት። ቤቱ የኔ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግንቦት ሲመጣ ግን የቤቱ ዘር ከላይ ነው የሚወርደው፤ የምንበላው፣ የምንጠጣው፣ ልጆቼ ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት ቆሎ ሳይቀር መነሻው የእሷ እጅ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ገብሱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ዘሩንም እኔ እይዘዋለሁ። ቤቴ የሚፈልገው ዘር ሁሉ በቤቴ ከተገኘ፣ ይህን ሰው ሽቅብ የሚያስወጣው ነገር አይኖርም።

አጋጣሚው ሳልፈልገው መጣ። አንድ ግንቦት ባሌን ለመሬት ክርክር ሽምግልና ዳባት ጠሩትና ነገሩ ተጓተተ። ዝናቡ ደግሞ ደመናውን አሳይቷል። ሊሄድ ሲነሣ «ዘሩን እኔ እወጣና አመጣዋለሁ» አልኩት።

«አንቺ?»

«ምነው፣ ለሴት አትሰጥም እንዴ?»

ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዙሮ «ትሰጣለች» አለ።

ታናሹን ልጄን አዝዬ፣ ለለውጥ የሚሆን ገብስ የጫነ አህያ እየነዳሁ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምትመስል ሳስብ ነው የሄድኩት። መልከ ጥፉ ብትሆን እንቃት ነበር፤ ቆንጆ ብትሆን እጠላት ነበር። ያገኘኋት ረዥም፣ ፊቷ በብርድ የተቃጠለ፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። ለሁለቱም አልተመቸችኝም።

«እንደምን አሉ?» አልኳት። አንቱ ያልኳት ላከብራት ሳይሆን ላርቃት ነው።

ገባት መሰለኝ፣ ሳቀች። «ምነው አንቱ አልሽኝ? ይህን ያህል አረጀሁ? ነይ ግቢ እቴ፣ ልጁን ብርድ አያግኘው።»

ቤቷ ውስጥ ቀና ብዬ ሳይ፣ ጣሪያው ሥር የገብስ ዛላ በየዓይነቱ ተጠፍሮ፣ ጢሙ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ጢስ ስለሚያገኘው ነቀዝ አይደፍረውም አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ታሳየኝ ጀመር። ዘር የሚሆነው ዛላ የሚመረጠው ማጭድ ሳይገባ፣ ገብሱ እንደቆመ ነው። ከማሳው ዳር አይወሰድም፤ ዳር ያለው ከጎረቤት ማሳ ጋር ይደባለቃል። ከመሃል፣ ነፋስ ያልጣለውን፣ ጢሙ ያልተሰባበረውን እየለዩ በእጅ መቅጠፍ ነው። ጥቁሩን በዓይን፣ ነጩን በክብደት፣ ሰነፉን በጥርስ። እያንዳንዱን እጄ ላይ እያስቀመጠች፣ ዓይኔን አስጨፍና «ይኸስ የቱ ነው?» እያለች ፈተነችኝ። ስሳሳት እልከኛ ሆኜ ሌላ አምጪ እላለሁ። ሳገኘው ደግሞ ጎሽ ስትለኝ ደስ ይለኝና፣ ደስ ስላለኝ እናደዳለሁ።

በመሃል ዓይኔ የእሱን ነገር ይፈልግ ነበር። የረሳው ዱላ፣ የተቀመጠበት መደብ፣ ምን አውቄ። ምንም አላገኘሁም። ምንም አለማግኘቴም አላሳረፈኝም።

ልጄ ሲያለቅስ ተቀበለችኝ። ብድግ አድርጋ አቀፈችው፤ ወደ ደረቷ አስጠግታ አናቱን አሸተተችው፣ ቶሎም አልመለሰችውም። ልጄ አባቱን ነው የሚመስለው፣ ግንባሩ ሳይቀር። ያን ጊዜ ከላይኛዋ ፊት ላይ ሳቁ ጠፋ። እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ያሳፍራል ይላሉ፤ እኔን አላሳፈረኝም። እኔ ያለኝ፣ እሷ የሌላት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እጄን ዘርግቼ ልጄን ተቀበልኳት።

ስትመርጥልኝ ቆይታ የመጨረሻውን ነገረችኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ማሳችሁ ብርዳም ናት። ዘሩን አንድ ዓመት እዚያ ዝሪው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሜዳው አውርጂው። እንዲህ እያፈራረቅሽ ከዘራሽ መሬቱ አይሰለቸውም። እኔ ዘንድ መምጣትም አያስፈልጋችሁ።»

ማሳዬን ከኔ ይልቅ ማወቋ አንድ ነገር ነው። ይህን ምስጢር እንደዋዛ ለኔ መስጠቷ ግን ግራ አጋባኝ። ከሁሉም ዓይነት ሰፍራ፣ በየስልቻው አፍ ላይ የየራሱን ዛላ ምልክት አስራ አህያዬን ጫነችልኝ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስም ሸኘችኝ። ስወርድ በሆዴ ሞኝ ናት እያልኩ ነበር። የያዘችውን ገመድ በገዛ እጇ አቀበለችኝ ብዬ፣ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ብርዳሟን ማሳ ከሜዳው እያፈራረቅሁ አዘራሁ። ማጭድ ከመግባቱ በፊት ልጆቼን አስከትዬ ማሳው መሃል ገብቼ ስመርጥ እውላለሁ። አጫጆቹ «እመቤቲቱ ገብሱን በየስሙ ልትጠራው ነው» ብለው ይሥቁብኝ ነበር፤ ይሣቁ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጣሪያዬ ሥር እንደ እሷ ጣሪያ ዛላው ተደረደረ። እንዲያውም ሰው ሰነፍ ገብስ ሲጠፋበት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ባሌ አሁንም ግንቦት ላይ ይወጣ ነበር፤ ዘርሽ ገና አልጸናም፣ ለጥንቃቄ ነው ይለኛል። እኔም እስቲ ይጽና ብዬ ዝም እላለሁ።

አንድ ዓመት ቆሎ ቆላሁና አቀረብኩለት። ዘገነና ቃመ። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አኝኮ «የላይኛው ነው አይደል?» አለ።

«የኔ ነው» አልኩት። «ዘሩም የኔ፣ ማሳውም የኔ፣ የመረጠውም የኔ እጅ ነው።»

ቀና ብሎ ሲያየኝ በእውነት አደነቀኝ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «ሸጋ ነው። ከላይኛው አልለየውም» አለ። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ሳገባም፣ ስወልድም ኮርቼ አላውቅም። አለቀላት አልኩ በሆዴ።

ግንቦት ገባ። ጎታዎቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ፤ ለጎረቤት የሚተርፍ ዘር ነበረን። እኔ ሰፌድ ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ባሌ ውኃ አስሞቆ እግሩን ታጠበ። ኩታውን አወረደ። ስልቻ አልያዘም፣ አህያም አልጫነም።

«ዘሩ እኮ አለን» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

አጥሩን ዞሮ ወደ ዳገቱ ሲያቀና ጀርባውን ሳይ፣ ያቺ ሴት ዘሯን ሁሉ አንዲት ፍሬ ሳትሰስት ለምን እንዳሸከመችኝ ገባኝ፤ ዘር ኖረም አልኖረም እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ለገብስ ነው የሚሄደው እያልኩ ራሴን የማጽናናበት ነገር ነበረኝ። ያንንም ማጽናኛ በገዛ እጄ መርጬ፣ ዘርቼ፣ አጭጄ ጨረስኩት።