መላሽ ያጣው ቅዳሴ

ልጅ ሆኜ፣ አንኮበርን የሐምሌ ጉም ሲሸፍናት፣ ከደጃችን ቆሜ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት አልችልም ነበር። ደወሉን እየሰማሁ ነበር የምሄደው። በአንደኛው ክረምት እናቴ ታማ ተኛች። አባቴ መድኃኒት ሊፈልግላት አሊዩ አምባ ወርዶ ስለነበር፣ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አጠገቧ ቀርተው እኔን ላኩኝ። የክርስትና ስሟን ለቄሱ ለመምሬ ሀብቴ ነግሬ እንዳስጸልይላት ነው።

መምሬ ስሟን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መቅደስ ገቡ። ዝናቡና ጭቃው ሰዉን ከቤቱ አስቀርቶታል። በሴቶች በኩል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በወንዶች በኩል ጆሯቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ። የእርጥብ ጋቢና የጧፍ ሽታ እስከ ዛሬ ያንን ጠዋት ያመጣብኛል።

ዲያቆኑ ስለ ሕሙማን የሚጸለየውን አዜመና ዝም አለ። የሚመልስ አልነበረም። መመለስ የትልልቆች ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዝምታው ሲረዝም ግን የእናቴ ጸሎት እዚያው የሚቀር መሰለኝና ፈራሁ። መምሬ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«መልሺ እንጂ ልጄ፤ ዛሬ ሕዝቡ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«አሜን ኪርያላይሶን፣ እግዚኦ ተሣሃለነ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ መጨረሻው ላይም ተቆረጠ። ዲያቆኑ ግን ትልቅ ሰው እንደሚጠበቅ ጠበቀኝና ቀጠለ። እስከ መጨረሻው እኔው መለስኩ።

ሲያልቅ መምሬ ጠበል ይዘው እናቴን ሊጠይቁ አብረውኝ መጡ። በመንገድ ላይ ስለ ጥንቶቹ ክርስቲያኖች አጫወቱኝ። በሰው ቤት ተሰብስበው፣ የታመመውንም የታሰረውንም በስሙ እያነሱ በአንድ ድምፅ ይጸልዩ ነበር አሉኝ። ቄስ ብቻውን የሚያደርሰው የጸሎቱን ግማሽ ነው ሲሉም ትዝ ይለኛል።

እናቴ ነሐሴ ሳይጋመስ አረፈች። ድምፄ ስላነሰ ይሆን ብዬ መምሬን ጠየቅኋቸው። «ብቻዋን አልሄደችም» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የምስመው ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነው፤ ሰዉም ይሞላዋል። በቅርቡ አንድ ወጣት ሰባኪ ስለ ሐዋርያት ዘመን ጸሎት አስተማረን፤ ደህና አድርጎ ነው ያስተማረው። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ ላይ እንደ ልማዴ ድምፄን አውጥቼ ስመልስ፣ አጠገቤ የቆመችው ልጅ ዞር አለች።

«እማማ፣ መዘምራኑ በማይክ ይመልሱልናል እኮ» አለችኝ።

በክፋት አልነበረም። ዙሪያዬን አየሁ። ሰዉ ዝም ብሎ ቆሟል፤ ስልኩን የሚነካካም አለ። በስም የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔንም የሚያውቀኝ የለም። ስለ ሕሙማን የሚጸለይበት ሲደርስ ምላሹ ከድምፅ ማጉያው ጥርት ብሎ መጣ። እኔም ዝም አልኩ። ማክሰኞ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል እንደምገባ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለማን እንደምነግር ሳስብ ቅዳሴው አለቀና ሰዉ በየበሩ ወጣ።