ወንበር ሊገዙ የመጡ ሰዎች

ከጭሮ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት እማዬ ማንም እንዳያለቅስ ከለከለች። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ገና ከደጅ ሲገቡ እንባቸው ቀደማቸው፤ እማዬ ብድግ አለችና «ፋጡማ፣ ለሕያው አይለቀስም፤ ሟርት ነው!» አለቻቸው።

«እኔ የት አለቀስኩ? ሽንኩርት ነው እንጂ» አሉ አዴ ፋጡማ፣ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። ሳቅን፤ በሳቁ ምሽቱ አለፈ። ሲነጋጋ ሚኒባሱ መጣ። እማዬ የእኔንና የልጄን የሶልያናን ግንባር እምነት ቀባችና በጨርቅ የቋጠረችውን አብሽ እጄ ላይ አደረገች። መኪናው ወደ ሚኤሶ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲይዝ ዞር ብዬ አየኋት። እጇን አላወዛወዘችም። ቆማ ነበር።

አሜሪካ ስንገባ ያንን ቋጠሮ የኤርፖርቱ ሹም ፈታው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አብሽ።»

«መድኃኒት ነው?»

«ለጤነኛ ምግብ ነው። ለታመመ መድኃኒት ነው።»

አሸተተው፤ ፊቱ ተኮማተረ። «ማን ነው የሰጠሽ?»

«እናቴ።»

መልሶ ቋጠረው። «የእኔ እናት ከሜክሲኮ ስትመጣ ቃሪያ ደብቃ ነው የገባችው» አለኝ። «ይህን ግን አልነገርኩሽም።»

ይኸው ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ እግዜር ይስጠው።

ባለቤቴ በዲቪ ቀድሞን ኦሃዮ ገብቶ ነበር። ከባድ መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። የተከራየነው ባል የሞተባቸው የአንዲት አሮጊት ቤት ፎቁን ነው፤ እሳቸው ከሥር፣ እኛ ከላይ። «ኖራ በይኝ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። የእናቴን እኩያ በባዶ ስም ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «እትዬ ኖራ» አልኳቸው።

«እትዬ ምንድን ነው?»

«ታላቄ እንደማለት ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ማዕረግ ተሰጠኝ!» ብለው ለፖስተኛው ሳይቀር ነገሩት። አሁን ፖስተኛውም «ሚስ እትዬ» ይላቸዋል።

የዚህ አገር ሰው ብዙ ያስገርማል። አጥር የለውም። እኛ ዘንድ አጥር የሌለው ቤት ገና ያላለቀ ቤት ነው፤ እዚህ ግን ሣሩ ከሣር ይያያዝና የማን ወሰን የት ድረስ እንደሆነ የሚታወቀው ማን እስከየት እንዳጨደ በማየት ነው። «እንዴት ነሽ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ ስለ ወገቤ እነግራቸው ነበር። ደግሞ ደጎች ናቸው። እትዬ ኖራ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓንኬክ ይዘው ይመጣሉ፤ እንደ ጭሮ ፈጢራ በስሱ የተዘረጋ አይደለም፣ ወፈር ይላል፤ የሚያፈሱበትም ማር ይመስላል እንጂ ከዛፍ የሚወጣ ነው። እንቁላልና ወተት እንደማልበላ በጾም ወራት ሲያውቁ፣ ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቁ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ይጋግሩልኝ ጀመር።

አንድ ነገር ግን ሊገባኝ አልቻለም። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት እናት ዐረፉ። ነርሷ ስልክ አንስታ ለልጃቸው ነገረችው፤ እሱም አመስግኖ ዘጋ።

«ብቻውን ቢሆንስ?» አልኳት።

«መኪና ውስጥ ነኝ ብሎኛል።»

«እየነዳ?»

ወደሚቀጥለው ስልክ አለፈች።

በዚያው ሰሞን የአገራችን ልጅ አባቷ ሞተውባት መርዶ ልናረዳት ሄደን ነበር። ገና ሳይነጋ፣ መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን አቁመን፣ ወንበር ተሸክመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ደጇ ላይ ተሰበሰብን። በሩን ስትከፍት ማንም ቃል አልተነፈሰም። እኛን አይታ ወደቀች፤ የሚደግፋት ክንድ ግን ከየአቅጣጫው ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በግንቦት የሆነብኝን እንድትረዱልኝ ነው።

እማዬ ታመመች። ወንድሜ ግርማ «ትንሽ ጉንፋን ነው» አለኝ። ጉንፋን የሚባለው ነገር ለሩቅ ሰው ሲነገር ስንቱን እንደሚሸፍን እናንተም ታውቃላችሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ስልክ እምቢ አለ፤ የግርማም፣ የአዴ ፋጡማም አይጠራም። ባለቤቴ ከመንገድ ደውሎ «ኔትወርክ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ኔትወርክ ብሎ የሚያምን ልብ አልነበረኝም። ዓርብ ማታ እትዬ ኖራ ስለ ነገ ጠዋትና ስለ ግቢው አንድ ነገር ነገሩኝ። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር። ያልገባኝን ሁሉ «የስ» ማለት ልማዴ ነውና «የስ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሶልያና ገና ተኝታ ሳለች፣ ውዳሴ ማርያም ሳደርስ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። በመስኮት አየሁ።

ግቢው ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል። አንድ ሽማግሌ ትንሽ ድንኳን እየተከሉ ነው። እትዬ ኖራ ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል። ሰው ከየመኪናው እየወረደ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ እያወራ ይገባል። ወደ ፎቁ ቀና ብሎ የሚያይ አንድም የለም።

ነጠላዬን እንዴት እንዳገለደምኩ አላውቅም። ደረጃውን ወርጄ ሣሩ ላይ ወደቅሁ። «እናቴን! እማዬን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ሰዉ ሁሉ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት መብራት አቅፋ ቆማለች። አንድ ጎልማሳ ቡት ጫማ ይዞ ነበር፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ይህን ሰው አልረሳውም።

እትዬ ኖራ እየሮጡ መጡ። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ የሚነግሩኝ! አይደብቁኝ!»

«ምኑን ነው የምደብቅሽ?»

«ሰዎቹ መጥተው የለም እንዴ! ወንበሩስ?»

«ወንበር ሊገዙ ነው የመጡት! ያርድ ሴል ነው፤ ትናንት ነገርኩሽ እኮ፣ የስ አልሽኝ!»

ለካ የዚህ አገር ሰው ሙቀት ሲገባ የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ ላይ አውጥቶ ለአላፊ አግዳሚ ይሸጣል። ወንበሩም ቡቱም የሟች ባላቸው ኖሯል።

ከጎረቤት አንዱ ደውሎ ኖሮ ፖሊስ መጣ።

«የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም» አሉ እትዬ ኖራ።

«ታዲያ እሷ ምን ሆና ነው?»

«እናቷ የሞተች መስሏት ነው።»

«ሞታለች?»

«አናውቅም።»

ለዚህ የሚሆን ሕግ ያጣ መሰለኝ። የሚሸጠው ዕቃ የተደረደረበትን ጠረጴዛ ቃኘት አደረገና «ይህ የዓሣ መንጠቆ ስንት ነው?» አለ።

እትዬ ኖራ ገበያውን ለሽማግሌው ትተው ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ መርዶ ነገርኳቸው፤ ለምን በጠዋት እንደሆነ፣ ለምን ብዙ ሆነን እንደምንሄድ።

«እኔ የባሌን ሞት የሰማሁት ገበያ ሰልፍ ላይ ሆኜ በስልክ ነው» አሉኝ። «በእጄ ሽንኩርት ይዤ ነበር። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ የሽንኩርቱን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።»

የአዴ ፋጡማ ሽንኩርት ትዝ አለኝ። እጃቸውን ያዝኩ። እንዲህ ተቀምጠን ስለ አያታቸው እናት አወሩኝ። ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። በዚያን ዘመን እዚያ አገር ወግ ነበር አሉ፤ አሜሪካ የሄደ አይመለስምና፣ ሊሄድ በዋዜማው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ሌሊቱን ሙሉ በቁሙ ይለቀስለታል።

«የእሳቸውም እናት አለቀሱ?» አልኩ።

«ከሁሉም በላይ እሷ።»

«ከዚያስ ልጃቸው ተመለሱ?»

«አልተመለሰችም። የእናቷንም ሞት የሰማችው መቃብሩ ሣር ካበቀለ በኋላ ነው።»

«ማን አረዳቸው?»

«አላውቅም። በቤታችን ይህን የጠየቀ ሰው የለም።»

እኔ እነዚህን ሰዎች ከጥንት እዚሁ የበቀሉ አድርጌ ነበር የማያቸው። አብዛኞቹ ግን ከአንድ ደጅ እየተለቀሰላቸው የወጡ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ቀድሞም ባለአገር ከነበሩትና በሰንሰለት ታስረው በባርነት ከመጡት በቀር። ለእነዚያ ማን እንዳለቀሰላቸው ፈጣሪ ያውቃል።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። አዴ ፋጡማ ናቸው፤ «ያ ረቢ፣ ኔትወርክ አሁን ገና መጣ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሌላ አላስጨረስኳቸውም።

«እማዬስ?»

«አጠገቤ አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሻል ብሏታል።»

«ድምፅዋን ያሰሙኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ ልጄ?» አለች እማዬ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩን፣ ድንኳኑን፣ ፖሊሱንና መንጠቆውን። ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ። ሳሉን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። ሲተዋት «ሴትዮዋ አጠገብሽ ናት?» አለችኝ።

«እጄን ይዘውኛል።»

«ሰው ናት ማለት ነው። በይ፣ የስልኳን ቁጥር ለግርማ ስጪው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለእትዬ ኖራ ስነግራቸው ግን እሳቸው ገባቸው። «ወንድምሽ የደወለልኝ ቀን ብቻዬን ልምጣ ወይስ ሰው ልሰብስብ?» አሉኝ። «ይሰብስቡ» አልኩ።

ቁጥሩን ለግርማ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ደረጃው ሲንቋቋ ጸሎቴን አቋርጬ አዳምጣለሁ፤ የአንድ ሰው እግር ነው ወይስ የብዙ? እስካሁን እትዬ ኖራ ብቻቸውን ናቸው፤ ፓንኬክ ይዘው። ተመስገን እላለሁና በሩን እከፍታለሁ።